ባለዋሽንቱና ባለበትሩ

መቀሌ፣ እንዳየሱስ። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ባለበት፣ ተማሪው ቦርሳውን አንግቶ በሚወጣ በሚወርድበት ኮረብታ ላይ፣ በ1888 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር የጣሊያን ጦር መሽጎ ተቀምጦ ነበር። አዛዡ ሻለቃ ጋሊያኖ ነው። ምሽጉን በውጊያ መስበር አስቸግሮ ሲሰነብት፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ ተያዘበትና በውኃ ጥም ለቆ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የዓድዋን ነገር ልጅ አዋቂው ያውቀዋል።

ከድሉ በኋላ ስለመጣው ስጦታ ግን እምብዛም አይወራም። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ የማርሽ ባንድ የነሐስ መሣሪያዎችን ከአስተማሪ ጋር ላከላቸው። በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል የአውሮፓ ጡሩምባ የገባው ከቅኝ ገዢ ወታደር ኋላ ወይም ከሚሲዮን ቤት በር ነው። እኛ ዘንድ የገባው ለአሸናፊ እጅ መንሻ ሆኖ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይመስለኝም። መሣሪያውን የሚነፋው ወታደር፣ የሚነፋው የጌታውን ዜማ ነው ብሎ አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት አልነበረውም። «ይህ የእኛ ነው ወይስ የእነሱ?» የሚለው ጥያቄ ኢትዮጵያ ውስጥ ዘግይቶ የመጣውም፣ ሲመጣ ደግሞ በሌላ መልክ የመጣውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የሙዚቃ መሪው በትር ግን ለብዙ ዘመን በአብዛኛው በውጭ ሰው እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም ባለው የአርመን ገዳም ያገኟቸውን፣ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው ዜማ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ጽፈውለት የአገሪቱ መዝሙር ሆነ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ፖላንዳዊው ቫዮሊነኛ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከካይሮ መጥቶ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ መራ፤ ከተማሪዎቹ አንዷ የውብዳር ገብሩ፣ ኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም የተባሉት ፒያኒስት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲከፈት የኦርኬስትራው ኃላፊ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር ነበር። ቀጥሎ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ተተካ። ነርሲስ አገሬው ሆኖ የኖረ፣ የሐበሻን ዘፈን ለትልቅ ኦርኬስትራ በማቀናበር ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ውለታው ገና በቅጡ አልተከፈለም።

ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት የሙዚቃ ደራሲውና መሪው ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በምን ላይ እንደቆሙ ለማሳየት ነው። ባዶ ሜዳ ላይ አልጀመሩም።

አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1938 አዲስ አበባ ተወለዱ። አሜሪካ ሄደው ሮቸስተር ከተማ በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1962 ተመረቁ። ቦታው በአጋጣሚም ቢሆን ለእርሳቸው የተገባ ነበር። የኢስትማን ዳይሬክተር ሃዋርድ ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1931 የዊልያም ግራንት ስቲልን «የአፍሮ አሜሪካን ሲምፎኒ» በሮቸስተር ኦርኬስትራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማ ሰው ነው። ጥቁር አሜሪካዊ የደረሰው ሲምፎኒ በታላቅ ኦርኬስትራ ሲቀርብ ያ የመጀመሪያው ነበር። አሸናፊ ሲማሩ ሃንሰን ገና በሥልጣኑ ላይ ነበር።

ጥቁር ሰው የጻፈውን መጫወት አንድ ነገር ነው፤ ጥቁር ሰው መድረኩ መካከል ቆሞ ሰማንያ ነጭ ሙዚቀኛ ሲያዝ ማየት ግን ለዚያ ዘመን አሜሪካ የማይዋጥ ነበር። ዲን ዲክሰንን እናንሳ። ሃርለም ተወልዶ ገና በወጣትነቱ የራሱን ኦርኬስትራ ያቋቋመ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክን የመራ ባለሙያ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቋሚ ሥራ የሚሰጠው ኦርኬስትራ አገሩ ውስጥ አጣ። እ.ኤ.አ. በ1949 ወጥቶ ሄደ፤ ስዊድን ጎተንበርግ፣ ከዚያ ፍራንክፈርት የሬዲዮ ኦርኬስትራዎችንና የከተማ ኦርኬስትራዎችን ሲመራ ኖረ፤ ተጋብዞ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። አሸናፊ ሮቸስተር ላይ ኖታ ሲያጠኑ፣ ከአሜሪካ የወጣው ታላቁ ጥቁር መሪ አውሮፓ ነበር ማለት ነው። ጥቁር መሪ የአንድ ታላቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ የሙዚቃ ዳይሬክተር ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሾመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ሄንሪ ሉዊስ፣ ኒው ጀርሲ።

አሸናፊ አሜሪካ ቀርተው ይህን በር ሲያንኳኩ አልኖሩም። አገራቸው ተመልሰው የኋላውን የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሠረቱ፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ሃንጋሪ ውስጥ የሃንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራ ፊት ቆመው የራሳቸውን ሥራ መሩ፤ «እረኛው ባለዋሽንት» የተሰኘውን።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። መሪ ድምፅ አያወጣም። ኦርኬስትራ ውስጥ ዝም የሚለው ብቸኛ ሙዚቀኛ እርሱ ነው። እጁ ከድምፁ ቀድሞ ይነሣል፤ ሙዚቀኞቹ የሚተነፍሱት ያ እጅ ሲነሣ ነው፣ የሚጫወቱት ሲወርድ ነው። ዘግይቶ የሚነሣ እጅ ሰማንያ ሰው ያደናብራል። ሙዚቀኞቹ በልጅነታቸው የጠጡትን ሙዚቃ ሲመራ ስሕተቱን እነርሱ ይሸፍኑለታል። ፈጽሞ ሰምተውት የማያውቁትን፣ የአንድ የሐበሻ እረኛ ዋሽንት ላይ የተመሠረተ ዜማ ሲያመጣባቸው ግን የሚደገፉት በእጁ ብቻ ነው። ዋሽንት አራት ቀዳዳ ያለው መቃ ነው። እረኛው ከብቱን ለቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲነፋው የሚጠብቀው ሰው የለም፤ ሲያሻው ያንቆረቁራል፣ ሲያሻው ያቋርጣል። ይህን ነፃነት በመስመር ቆጥሮ ወረቀት ላይ ማስፈር፣ ቀጥሎም ለሃንጋሪ ሙዚቀኛ በበትር ማሳየት ቀላል ሥራ አይደለም። በትር እንደሆነ እረኛውም ይዟል።

አሸናፊ በዚያን ጊዜ «ጥቁሩ ኮዳይ» ተባሉ። ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ዞልታን ኮዳይ ያረፈው በዚያው ዓመት ነው። እርሱና ቤላ ባርቶክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገጠር ለገጠር እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን በሲሊንደር ሲቀዱና ሲጽፉ የከረሙ ናቸው፤ የሃንጋሪ የሙዚቃ ትምህርት በዚያ ላይ ነው የቆመው። ስሙ ታላቅ ክብር ነው። ይሁንና ይህ ዓይነት ማዕረግ አይጥመኝም። ኮዳይን ማንም «ነጩ አሸናፊ» አላለውም። የሆነ ሆኖ ንጽጽሩ ባዶ አልነበረም፤ ሁለቱም የአገራቸው ሙዚቃ ትምህርት ከገበሬው ጉሮሮ መጀመር አለበት ባዮች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ አሸናፊ ዓይናቸውን ወደ ምሥራቅ ማዞራቸው ከሁሉ ይበልጥ ደስ ይለኛል። «ኮቱሬዥያ» በተባለው ሥራቸው የጃፓኑን ኮቶ ከአውሮፓ መሣሪያዎች ጋር አስቀመጡት። ለምን ኮቶ? መልሱ ጆሮ ላይ ነው። አምባሰልን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል ነው። ጃፓኖች ሚያኮ ቡሺ የሚሉት የከተማ ዘፈናቸው ቅኝት እነዚህኑ አምስት ድምፆች ይዟል። ወሎና ኪዮቶ በታሪክ አልተገናኙም፤ በድምፅ ግን ጎረቤት ናቸው። አሸናፊ ይህን አይተው ከአውሮፓ ፈቃድ ሳይጠይቁ አፍሪካንና እስያን አንድ ገጽ ላይ አገናኙ። ዛሬ ስለ ክላሲካል ሙዚቃ ብዝኃነት ሲወራ፣ ወሬው ብዙውን ጊዜ «አውሮፓና ሌላው» በሚል መስመር ይሄዳል። «ሌላው» ከ«ሌላው» ጋር ቢነጋገርስ ብሎ የጻፈ ሰው ግን ከዛሬ 50 እና 60 ዓመት በፊት ነበረን።

የያሬድ ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላው ትግላቸው ነበር። አዝማሪን ቤቱ ጋብዞ እየሳቀ የሚሸልም ኅብረተሰብ፣ ልጁ አዝማሪ ልሁን ሲል በዱላ ያባርረው ነበር። አሸናፊ ራሳቸው ኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 «ኢትኖሙዚኮሎጂ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ክራር ሲጽፉ «የሰይጣን መሣሪያ» መባሉን ርዕሱ ላይ አስገቡት። በገና የዳዊት ነው፤ መኳንንቱም መነኩሴውም ይደረድረዋል፣ በዐቢይ ጾም ይሰማል። ክራር የመሸታ ቤት ነው። ሁለቱ በአሠራር የአንድ እናት ልጆች ሲሆኑ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ወደ ጠጅ ቤት ተመደቡ። ታዲያ መንግሥት ባቆመው ትምህርት ቤት፣ ፒያኖና ቫዮሊን ባለበት ጣሪያ ሥር ክራርንና መሲንቆን በመምህር ማስተማር፣ ሰይጣኑን ደመወዝ ከፍሎ መቅጠር ማለት ነበር።

አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1968 ከዳይሬክተርነቱ ለቅቀው እንደገና ወደ አሜሪካ ሄዱ። ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ያን ጊዜ የጃቫና የሕንድ ሙዚቀኞችን አምጥቶ ከምዕራቡ ሙዚቃ እኩል የሚያስተምር፣ ለእርሳቸው የተሰፋ የሚመስል ቤት ነበር። በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ በጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1971 ዶክተር ሆኑ። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ በዚያው ቀሩ። ፍሎሪዳ፣ ታላሃሲ በሚገኘው የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 «የጥቁር ሙዚቃ ሥሮች» የተሰኘ መጽሐፋቸው በእንግሊዝኛ ታተመ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በ60 ዓመታቸው አረፉ። በትሩን አስቀምጠው እስክሪብቶ ያነሡት ለምን እንደሆነ በአንድ ምክንያት ልፈርድ አልችልም። ከዲክሰን ዕጣ አንጻር ሳየው ግን የሚገርም አይደለም። መሪ ኦርኬስትራ ከሌለው መሪ አይደለም፤ ለሰዓሊ ሸራ ገዝቶ እንደሚሰጠው ሰማንያ ሙዚቀኛ ገዝቶ የሚሰጠው የለም። መጽሐፍ ለመጻፍ ግን አንድ ጠረጴዛ ይበቃል።

አዲስ አበባ ላይ በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የያዘም ነበር። ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር እ.ኤ.አ. በ1963 «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን አቋቋመ። ቫዮሊን የለ፣ ክላርኔት የለ፤ ክራር፣ መሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ ብቻ። ከየአገሩ የመጡ፣ ለየብቻ መጫወት የለመዱ ባለሙያዎች አንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ኋላ ተስፋዬ ለማ ተረክቦ ለዓመታት መራው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካን ዞሩ። አሸናፊ የአገሩን ዜማ ወደ ሲምፎኒው ወንበር ወሰዱ፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ደግሞ «ኦርኬስትራ» የሚባለውን አምጥቶ መደቡ ላይ አስቀመጠው። እኔ ሁለተኛው ይበልጥ ደፋር ይመስለኛል። ዓለም የሚሰማው ግን የመጀመሪያውን ነው።

ወደ መቀሌ ልመለስ፤ ጉዳዩ ከዚህ አልራቀም።

የያሬድ ትምህርት ቤት ስሙን የወሰደው ከአክሱሙ ሊቅ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ያመጣው፣ ድጓን የደረሰው ያሬድ የትግራይ አፈር ልጅ ነው። ማሕሌት ላይ ሊቃውንቱ መቋሚያ ይዘው በሁለት ወገን ሲቆሙ፣ መሪጌታ መካከሉን፣ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ሁለቱን ጎን ይይዛሉ፤ ጸናጽሉና ከበሮው በእነርሱ ምልክት ይነሣል፣ በእነርሱ ምልክት ያርፋል። ስሙን ያዋሰው አገር ሙዚቃ ግን በዘመናዊው ትምህርት ውስጥ የያዘው ቦታ ጠባብ ነው። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲባል ተማሪው ቶሎ የሚቆጥረው አራት ቅኝት ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ባቲም አምባሰልም የወሎ አገር ስሞች ናቸው። አራቱን የምወድ ሰው ነኝ፤ ከአራቱ ውጭ ያለውን ግን «ይህስ ወደየትኛው ይጠጋል?» እያልን ስንመዝን መኖራችንን አልወድም። ኪሮስ ዓለማየሁ የትግርኛን ዘፈን ለመላው አገር ጆሮ ያደረሰው በካሴት ነው፤ ካሴቱን ጎንደሬውም ወለጌውም ገዝቶ ሰማ። ኦርኬስትራ ይህን አላደረገም። አሸናፊ ውጭ አገር እንዲከፈት የፈለጉት በር አዲስ አበባ ላይም ገና ገርበብ ብሎ ነው ያለው።

የመቀሌ ዳርቻ ላይ፣ ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ሰርጉ እንደገና በተመለሰበት ሰሞን፣ ዳስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጓይላው፣ የትግራይ ክብ ጭፈራ፣ እየዞረ ነው። ከበሮውን በትከሻዋ አንግታ የምትመታው ሴት ከክቡ ውስጥ ነች፤ ከሌሎቹ ጋር ትራመዳለች፣ ጀርባዋን ለሚከተሏት ሰጥታ። ምቱ በዝግታ ይሄዳል፤ እግር ይጎተታል፣ ትከሻ ይነቀነቃል። ድንገት እጇ ይጠነክራል፣ ክቡ ይቆማል፣ ሁለት ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይዞራል፣ ምቱ ይፈጥናል። እጇ ከመጠንከሩ በፊት ግን አንገቷን ትንሽ ቀና አድርጋ ነበር። ያን ያየ ሁሉ ተዘጋጀ። ያቺን ቅጽበት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ለመሪዎች ለማስተማር ዓመታት ይፈጅባቸዋል።

ከዳሱ በር ሦስት ሰዎች እምቢልታ ይዘው ቆመዋል። ደቡብና መሀል አገር እምቢልታ ሸምበቆ ነው፤ የእነዚህ ረጅም የብረት ቱቦ ነው። የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ሰው ከቱቦው የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። አንደኛው «ቡ» ይላል፣ ሁለተኛው በክፍተቱ ይገባል፣ ሦስተኛው የሁለቱን ጅራት ይይዛል፤ ከሦስቱ ትንፋሽ ማንም ብቻውን ያልተጫወተው ዜማ ይወጣል። አንዱ ቢያስነጥሰው ዜማው ይጎድላል። ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ ዓይናቸው በጎረቤታቸው ደረት ላይ ነው፤ ትንፋሹን ይቆጥሩታል። የሚመራቸው ሰው የለም፣ ኖታ የላቸውም፣ ግን ከኦርኬስትራ ሌላ ምን ልበላቸው?

ወደ ሲምፎኒው ወንበር ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ጥቁር ሙዚቀኞች 1.8 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የኦርኬስትራዎቹ ማኅበር ቆጥሯል። በማግሥቱ ዓመት ለንደን ላይ ባለ ድርብ ቤዟ ቺቺ ንዋኖኩ አብዛኞቹ አባላቱ ጥቁርና ከሌሎች አናሳ ወገኖች የሆኑትን «ቺኔኬ» ኦርኬስትራ መሠረተች። እነዚህ የወንበር ጥያቄዎች ናቸው፣ ተገቢም ናቸው። አንድ የመቀሌ ልጅ ቫዮሊን ይዞ እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል። እምቢልታው አጠገቡ ቢቀመጥ ግን ኦርኬስትራው ራሱ መቀየር ይጀምራል፤ አሸናፊ በኮቶው የሞከሩትም ይህን ነበር። ጣጣው ብዙ ነው። እምቢልታ ነፊው የተጻፈ አያነብም፤ አቀናባሪው በጎረቤት ትንፋሽ የሚገባን ሰው በቁጥር ሊያስገባው ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ግን የመቃኘት ነገር ነው። ልምምድ ሲጀመር ኦቦው «ላ»ን ይሰጣል፣ ሌላው ሁሉ በእርሱ ይቃኛል። የብረት ቱቦ አይሳብም አይገፋም፤ ርዝመቱ ተቆርጦ ያለቀ ነው። ከኦቦው «ላ» ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ የሠራው ባለሙያ የቃኘው ከሁለቱ ወንድሞቹ ጋር እንጂ ከኦቦው ጋር አይደለም። ዝቅ ብሎ ከሆነ አንዱ መፍትሔ ቱቦውን አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር በመጋዝ መቁረጥ ነው። ሌላው መፍትሔ እምቢልታው መጀመሪያ እንዲነፋ ማድረግ ነው። የቫዮሊን ጆሮ ይዞራል፣ የኦቦው ሸምበቆ ይሳባል፣ ነሐሶቹ ቱቦ ጎትተው ይደርሳሉ፤ ክላርኔቶቹ ትንሽ ያማርራሉ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።